ከሙላቱ የወረስነው ዜማውን ነው ወይስ ጆሮውን?

እሑድ አመሻሽ ላይ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ስል ከጀርባዬ ኪቦርድ ይሰማኛል። “ኢትዮ ጃዝ” ይሉታል። ተጫዋቹ ወጣት ነው፤ እጁ ደግሞ የሚገርም ነው። የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ ከሃምሳ ዓመት በፊት እንደተቀዳው፣ አንዲት ኖታ ሳያዛንፍ ያወርደዋል። ቅር የሚለኝም ይኸው አለማዛነፉ ነው።

ሙላቱ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ዌልስ የተላኩት ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሙዚቃ ግን ለንደን፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አደረሳቸው። አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ አብረውት እንደነበሩ ሁሉም ያወራል። የታገሉትን ችግር ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፤ ጃዝ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ይፈልጋል። ያለቦታው የገባ አንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አንቺ ሆዬን ሌላ ነገር ያደርጋታል፤ ለዛዋ ይሄዳል። የሙላቱ ጥበብ አምስቱን ሳይነኩ አሥራ ሁለቱን ከሥር ማንጠፍ መቻላቸው ነው።

እኚሁ ሰው ስለ ጃዝ ሲጠየቁ ደጋግመው የሚጠሩት ግን በደቡብ ኢትዮጵያ ያለውን የደራሼን ሕዝብ ነው። ጃዞች የሚኮሩበትን፣ ዲሚኒሽድ ስኬል የሚባለውን የድምፅ አደራደር የደራሼ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በቀርከሃ ሲጫወቱት እንደኖሩ ይናገራሉ፤ ሳይንቲስቶች ይሏቸዋል። (ምሁራን ይከራከሩበት፤ እኔን የገረመኝ በርክሊ የተማረ ጆሮ ወዴት እንደዞረ ነው።) ፊላ በሚባለው በዚህ የቀርከሃ ዋሽንት እያንዳንዱ ነፊ የድርሻው ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ተራውን ጠብቆ ይነፋል፣ ይተዋል፤ ሌላው ይቀበለዋል። ዜማው የማንም ብቻውን አይደለም።

ትናንት ደራሼም እኛም በአንድ ደቡብ ክልል ሳለን የክልሉ መቀመጫ ሐዋሳ ነበረች። የባህል ቡድኖች እዚሁ መጥተው ሲጫወቱ አጨብጭበን ሸኘናቸው፤ ለበዓል ማድመቂያ ነበሩ። ሙላቱ አገር አቋርጠው የሄዱበትን ነገር እኛ ደጃችን ድረስ መጥቶልን ጭፈራ ብለን አለፍነው። “የኢትዮ ጃዝ ምሽት” ብለው ባነር የሚሰቅሉ ሆቴሎቻችን አንድ ቀን እንኳ ፊላና ኪቦርድ አንድ መድረክ ላይ ቢያገናኙ ምን ይጎድልባቸዋል? እንግዳው የሚያውቀውን ዜማ ነው የሚጠይቀው ይሉኛል። ሙላቱም ሲጀምሩ እኮ የሚያውቅላቸው አልነበረም።

ልጁን ጠየቅኩት፦ “ፊላ ሰምተህ ታውቃለህ?”

“በቴሌቪዥን፣ ለበዓል” አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ስልኬ ላይ ያለውን ቅጂ ከፈትኩለት። ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ በአንድ ጣቱ አንዲት ድምፅ ነካ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ነካ። ሳቀና እጁን አነሳ፦ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለብቻ አይሆንም።”