ቱቦው ይቆይ፣ ኦክሲጅኑ ይቅደም

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው አንድ ጥያቄ አያጣም፦ «ማደንዘዣው ወስዶኝ ባልነቃስ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግን ፍርሃቱ ሁሉ የሚያርፈው መድኃኒቱ ላይ ነው። የሰመመን ባለሙያውን እጁን የሚያልበው ሌላ ነገር ነው፤ ታካሚው እንቅልፍ ወስዶት በራሱ መተንፈስ ካቆመ በኋላ፣ ሌላ ሰው አየር እስኪሰጠው ድረስ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች።

በነዚያ ደቂቃዎች የሁሉም ዓይን አየር እንዲያልፍበት በጉሮሮ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ የሚገባው ቱቦ ላይ ነው። ጉሮሮን የሚያሳየው ላሪንጎስኮፕ ይገባል፣ የድምፅ አውታሮቹ ብቅ ይላሉ፣ ቱቦው በመሀላቸው ያልፋል፣ ክፍሉ እፎይ ይላል። ተማሪም የሚፎክረው ስንት ሰው ኢንቱቤት እንዳደረገ፣ ማለትም ቱቦ እንዳስገባ ነው። ለስንት ሰው አፍና አፍንጫ በሚሸፍን ማስክ ብቻ አየር እንደሰጠ የሚቆጥር የለም። እኔ ይሄ ነገር ተገልብጧል ባይ ነኝ። ታካሚ ቱቦ ሳይገባለት ሊቆይ ይችላል፤ ኦክሲጅን ሳያገኝ ግን መቆየት አይችልም።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ጤነኛ አዋቂ ሰው አርፎ ሲተኛ በደቂቃ ወደ 250 ሚሊ ሊትር ኦክሲጅን ይጨርሳል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን 21 በመቶ ነው፤ የተረፈው አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ሰውየው አየር ካስወጣ በኋላ ሳንባው ውስጥ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር አየር ይቀራል። ከዚያ ውስጥ ኦክሲጅኑ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ትንፋሹ ከቆመ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቢያቆየው ነው። ናይትሮጅኑ ወጥቶ በንጹሕ ኦክሲጅን ከተተካ ግን መጠባበቂያው ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። ያው ሰው ሳይተነፍስ እስከ 8 ደቂቃ ድረስ ሊታገስ ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና በጣም ለወፈረ ሰው ጊዜው ከዚህ በብዙ ያጥራል። እነሱ ጋ መቸኮል የባሰ ነው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ለመግዛት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ኦክሲጅን የሚሰጠውን ማስክ ፊት ላይ በደንብ ገጥሞ 3 ደቂቃ መጠበቅ። አጣዳፊ ከሆነ በ1 ደቂቃ ውስጥ 8 ጥልቅ ትንፋሽ። በቃ። ግን ስንቱ ነው የሚጠብቀው? ታካሚው «አፈነኝ» ሲል ማስኩ ትንሽ ከፍ ይላል። ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። በማስኩና በጉንጩ መሀል ጣት የምታሳልፍ ክፍተት ካለች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የክፍሉ አየር ይገባል፤ ናይትሮጅኑም ተመልሶ ይመጣል። ከሩቅ ላየው ኦክሲጅን እየተሰጠ ነው። ሳንባው ግን አልተሞላም። ማሽኑ የሚወጣውን ትንፋሽ ኦክሲጅን የሚለካ ከሆነ ወደ 90 በመቶ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ያኔ ክርክር የለም።

ማስክ መያዝም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ማስኩን ይከባሉ። ሦስቱ ጣቶች የመንጋጋው አጥንት ላይ ይውላሉ። አጥንቱ ላይ ነው የምላችሁ፤ ከአገጭ በታች ያለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ከሆነ ምላስን ወደ ኋላ ገፍቶ መንገዱን ይዘጋል። ጀማሪ ማስኩን ወደ ፊት ይደፈጥጣል። የለመደ ሰው ግን መንጋጋውን ወደ ማስኩ ያነሳል። አንድ እጅ ካልበቃ በሁለት እጅ ይዞ አየር የሚገፋውን ቦርሳ ለሌላ ሰው ማስጨመቅ ነው። ይሄ ነውር የሚመስለው ባለሙያ አለ፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ያለ ቱቦም መሥራት እንደሚቻል ከታወቀ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺ ብሬይን ከማንቁርቱ በላይ የሚቀመጠውን ላሪንጂያል ማስክ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አኒል ፓቴልና ባልደረባው በአፍንጫ በኃይል የሚነፋ እርጥብና ሙቅ ኦክሲጅን በ25 ታካሚዎች ላይ መጠቀማቸውን አሳተሙ። የአየር መንገዳቸው አስቸጋሪ የነበረ ታካሚዎች ናቸው። ሳይተነፍሱ የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 14 ደቂቃ ነበር። በእርግጥ ለዚህ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ጉሮሮው ከተዘጋ ከላይ ቢነፋ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ሰው ለምን ይሞታል? እልህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ኢሌን ብሮሚሊ የምትባል ወጣት እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ገባች። ላሪንጂያል ማስኩ አልቀመጥ አለ። በማስክ አየር መስጠትም አልሆነም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ፤ እሱም እምቢ አለ፤ ኦክሲጅኗ ወርዶ ቀረ። አንገት ላይ ቀዳዳ ለማበጀት የሚያገለግለውን ዕቃ ነርስ አቅርባ ነበር። የተጠቀመበት ሰው ግን አልነበረም። ኢሌን ከ13 ቀን በኋላ ሞተች። ባለቤቷ ማርቲን አውሮፕላን አብራሪ ነው። የጠየቀውም የአብራሪ ጥያቄ ነበር፦ የሚያውቁት ሰዎች ለምን አልተናገሩም፣ የሚመሩትስ ለምን አልሰሙም? ዛሬ የብሪታንያው የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማኅበር መመሪያ የቱቦ ሙከራን በሦስት ይገድባል፤ አራተኛው የሚፈቀደው ይበልጥ ልምድ ላለው ሌላ ሰው ብቻ ነው። ምንም መንገድ ከጠፋ አንገት ላይ በምላጭ መክፈት ነው። እኔ ብጠየቅ ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚቆጥር ሰው እመድብ ነበር። ነርስም ትሁን ተለማማጅ፣ «ሦስተኛው ነው» ስትል ቀና ብሎ የሚቆጣት መኖር የለበትም።

አሁን ወደ ገንዘብ ጉዳይ። ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ዛሬ የሁሉም ምኞት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አልክድም፤ ጉሮሮን በስክሪን ያሳያል፣ ተማሪና አስተማሪ አንድ ነገር ያያሉ። ግን የትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ በሌለበት ክፍል ቪዲዮ መግዛት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ቱቦ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲገባ ደረት የተነሳ ሊመስል ይችላል። ቱቦው ውስጥ ጉም ይታያል። በማዳመጫ የሚሰማ ጆሮም ይታለላል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚያነበው የጣት መለኪያ ደግሞ 99 በመቶ እያለ ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ቅድም የሞላነው መጠባበቂያ ገና አላለቀም። መውረድ ሲጀምር ጊዜው ሄዷል። ካፕኖግራፉ ግን ወዲያው ነው የሚናገረው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሳጥን የመሰለ መስመር ከተነሳ ቱቦው ቦታው ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ቱቦው ቦታውን ስቷል ብሎ መነሳት ነው፤ «ማሽኑ ይሆናል» ማለት አይሠራም። ልብ ቆሞ ደረት እየተጫነ እንኳ ትንሽ መስመር ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የብሪታንያ ብሔራዊ የአየር መንገድ ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከአየር መንገድ ችግር ጋር በተያያዙ ሞቶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ላይ ካፕኖግራፍ አለመጠቀሙ ሳያባብሰው እንዳልቀረ ገልጿል። ሀብታም አገር ነው ይሄ።

የጣት መለኪያውም ቢሆን በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ መለኪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ውስጥ ኦክሲጅን አንሶ የተገኘባቸው ጥቁር ታካሚዎች ድርሻ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። 92 ያነበበ ሰው ይህን አይርሳ።

ስለዚህ የግዢ ዝርዝር ለሚያዘጋጅ ሰው የኔ ሐሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ ካፕኖግራፍ፣ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ ሳይሆን ለጽኑ ሕሙማን ክፍልና ታካሚ ሲጓጓዝ ጭምር። ቀጥሎ በየመጠኑ ማስክና ላሪንጂያል ማስክ፣ ለሕፃን የሚሆነው ሳይረሳ። አንገት ለመክፈት የሚያስፈልገው ምላጭ፣ ቱቦውን የሚመራው ቀጭን ዘንግ ቡዢና 6 ቁጥር ቱቦ በአንድ ከረጢት ታስሮ ማሽኑ ጎን ይንጠልጠል። ቪዲዮው ከዚያ በኋላ ይምጣ።