ለቀብር ብቻ ነው እንዴ የምንፈላለገው?

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ቅር የሚለው ይበለው። በተለይ የድሮ ጦር መሐንዲስ ክፍል ጓዶቼ፣ ሚስቶቻችን፣ ልጆቻችን፣ ከዛ ደሞ በየግንባታው በር ላይ የወታደር ኮት የለበሰ ሽማግሌ እያያችሁ "ዘበኛ ክፈት" ብላችሁ የምታልፉ ሁሉ፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል።

ባለፈው ወር ነው። የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ከኬላው አለፍ ብሎ ወደ ገፈርሳ መሄጃው ላይ። ጎረቤቴ ለቅሶ አለብኝ፣ ዘመዴ ናቸው፣ ጥበቃ ይሰሩ የነበሩ ሰውዬ ናቸው አለኝ፣ እኔ ሟቹን አላውቃቸውም ግን ጎረቤቴን ብዬ ጋቢዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ቀብሩ አልቆ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ አንድ ወጣት የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ስለ ሟቹ ያወራል። የዛሬ ሁለት ዓመት በታጠቅ በኩል መሰረት ሲቆፍሩ ባልዲው አንድ የዛገ ብረት ይዞ ይወጣል፣ አንዱ የቀን ሰራተኛ ለቆራሌው በኪሎ እሸጠዋለሁ ብሎ ያነሳዋል፣ በዚህ ጊዜ እኚህ ሽማግሌ ከበር ላይ እየሮጡ መጥተው በህይወታችን ሰምተን በማናውቀው ድምፅ "እንዳትወረውር! ቀስ ብለህ መሬት አስይዘው! ሞተሩን አጥፋ!" አሉን አለ። ልጁ አስቀመጠ። ሁሉንም ከአሸዋው ክምር ጀርባ አስገቧቸው፣ ኖራ አምጥተው ራቅ ብለው ዙሪያውን ምልክት አደረጉ፣ ፖሊስ አስጠሩ፣ ባለሙያ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ ማንም እንዳይጠጋ በጠራራ ፀሐይ ቆመው ዋሉ። የሞርታር ቅንቡላ ነበር። "ታዲያ ከየት አወቁት አላችኋቸው ወይ?" አልኩት። "ኧረ አልጠየቅናቸውም" አለኝ።

ይሄን እየሰማሁ ቀና ስል ከሻማው ጎን ያለውን ፎቶ አየሁ። ወጣት ልጅ፣ ከኋላው ኡራል መኪና ቆሟል፣ ቀኝ ትከሻው ትንሽ ዘንበል ያለ። ንፍሮው ከእጄ ወደቀ። ሜትር ነው። የኔው ሜትር!

ሜትር ቅፅል ስሙ ነው፣ ሜትሩን ከኪሱ ስለማይለይ ነው እንዲህ ያልነው፣ ስሙን ቤተሰቡ ስላልፈቀደልኝ አልጽፈውም። በ1975 ነው የተዋወቅነው፣ እስከ 1981 ድረስ በአንድ ቡድን አንድ ድንኳን ውስጥ ነበርን። እና ይሄ ሰው ከኔ ቤት ሁለት የታክሲ ፌርማታ ርቀት ላይ 11 ዓመት ኖሯል። አስራ አንድ ዓመት! የሚጠብቀውን ህንጻ በየቀኑ በታክሲ አልፈዋለሁ፣ ምናልባት አይቼውም ይሆናል፣ ምናልባት በሩ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ እሱ ነበር።

እኛ ምን እንደሰራን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ትንሽ ልንገራችሁ። ወታደር ሲባል ተኳሽ ብቻ ነው የሚመስላችሁ። መሐንዲስ የሚባለው መንገድ ይጠርጋል፣ ምሽግ ይሰራል፣ ፈንጂ ያመክናል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ታንኩም ስንቁም ቁስለኛውም የሚያልፈው እሱ በሰራው ላይ ነው። ቤይሊ የሚባል ድልድይ አለ፣ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያወጡት፣ ክፍል ክፍሉ ተበታትኖ በመኪና ይመጣና ወንዙ ዳር ላይ በፒን ይገጣጠማል። ፓነል የሚባለው አንዱ የብረት ክፍል ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፣ ክብደቱ ደሞ 260 ኪሎ ገደማ። ክሬን የለም። ስድስት ሰው ነው የሚሸከመው፣ በብረቱ መሀል ዱላ ይሻገራል፣ ሶስቱ በዚህ ሶስቱ በዛ ይሆኑና አዛዡ "አንሱ!" ሲል ስድስቱም እኩል ይነሳሉ፣ "አስቀምጡ!" ሲል ስድስቱም እኩል ይወርዳሉ። ከስድስቱ አንዱ ካጎደለ የሌላው ወገብ ነው የሚሄደው።

አንድ የክረምት ሌሊት ወንዙ ሞልቶ እያገሳ፣ መብራት ክልክል ነው፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፣ እኔ እግሬ ከዳኝ። ፓነሉ ወደኔ ማዘንበሉን አስታውሳለሁ፣ ቀጥሎ ሲቀለኝ አስታውሳለሁ። ከኋላዬ የነበረው ሜትር ዱላውን ወደ ትከሻው ስቦ የኔን ድርሻ ጨምሮ ያዘው። አልጮኸም። ፓነሉ ቦታው እስኪደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ሲነጋ ሸሚዙን ሲያወልቅ ነው ትከሻው መጎዳቱን ያየነው። ከዛ በኋላ ያ ትከሻ ቀና ብሎ አያውቅም። ፎቶው ላይ ያወቅኩት በሱ ነው።

ይሄ ሰው ነው እኔ ሳልፈልገው የሞተው። ስለዚህ ቁጣዬ መጀመሪያ ራሴ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ግን እናንተ ላይ ነው ጓዶቼ።

ምን ሆነን ነው? ሰበታ ያለው ሆለታ ያለውን አያውቅም፣ ኮተቤ ያለው ጀሞ ያለውን አያውቅም፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ገብቶ በሩን ዘግቷል። ወሬያችንን የሚያገናኘው ሞት ብቻ ሆነ። እገሌ አረፈ ሲባል ያኔ ሁላችንም እንሰበሰባለን፣ ድንኳን ውስጥ "ኧረ አንተ አለህ እንዴ!" እንባባላለን፣ ስልክ እንለዋወጣለን፣ ከሰልስት በኋላ ማንም አይደውልም፣ እስከሚቀጥለው ሬሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደለም ወይ? ሰውየው በቁሙ አንድ ስኒ ቡና ያጠጣው የለም፣ ሲሞት ግን አውቶቡስ ተኮናትረን እንመጣለን።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የምንቆጠር ሰዎች በአንድ ጊዜ ስራችንም ስማችንም ቀረ። "የደርግ ወታደር" ማለት ስድብ ሆነ። እኔ ራሴ ፎቶዎቼን ከሰል ምድጃ ላይ አቃጥያለሁ፣ ሚስቴ እያለቀሰች። ያኔ መፍራታችን አይፈረድብንም። ግን እኮ ከሰላሳ ዓመት በላይ አለፈ! አሁን የሚያስቀረን ፍርሃት አይደለም፣ እፍረት ነው። መቶ አለቃ የነበረው በር ጠባቂ ስለሆነ የሱ ወታደር እንዳያየው ይደበቃል፣ ትንሽ የተሻለው ደሞ ብድር እንዳይጠይቁኝ ብሎ ይደበቃል። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል። በር መጠበቅ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ድልድይ ጠብቀን የለም ወይ?

ደሞ ይሄ ነገር በኛ አልተጀመረም። በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመቱት ቃኘውዎች ሲመለሱ የተከበሩ ነበሩ፣ ደርግ ሲመጣ የንጉሡ ወታደር ተብለው አንገታቸውን ደፉ፣ እኛም ወጣቶቹ በአጠገባቸው ስናልፍ ዞር ብለን አላየናቸውም፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከዛ ተራው የኛ ሆነ። ወገኖቼ፣ መንግስት በተቀየረ ቁጥር ያለፈውን ወታደር ማሳፈር የት ያደርሰናል? መንግስትን ውቀሱ፣ ጦርነትን ጥሉ፣ እኔም እጠላለሁ፣ ያየሁትን ስላየሁ ነው የምጠላው። ግን ፈንጂ ወረዳ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ አፈሩን በጣቱ እየዳበሰ መንገድ ያፀዳ የገበሬ ልጅ፣ ያ መንገድ ላይ በኋላ ማን እንደሚሄድበት መርጦ አልነበረም።

ልጆች ሆይ፣ እናንተንም አልምርም። አባታችሁ ለምን ሌሊት እንደሚባንን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? አንዱ ጓዳችን ሲሞት ልጆቹ ቤት ሲያፀዱ የአገልግሎት ወረቀቱን፣ የክፍሉን ፎቶ፣ ኮምፓሱን ሳይቀር ከአሮጌ ጫማ ጋር ለቆራሌው ሰጡት። ክፋት አይደለም፣ አለማወቅ ነው፣ ግን አለማወቃችሁ ካለመጠየቃችሁ የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ የማታውቁትን ሰው ህይወት ታያላችሁ፣ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠውን አባታችሁን ግን አስር ደቂቃ አትሰሙትም። ስልካችሁን አውጡና ወረቀቱን ፎቶ አንሱት፣ ድምፁን ቅዱት፣ የጓዶቹን ስም ጠይቁትና ጻፉ፣ ቴሌግራም ላይ እናንተ ፈልጉለት፣ እሱ አይችልበትም።

መገናኘት ለናፍቆት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ሰበታ ያለች የአንድ ጓዳችን ሚስት ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው የኖረችው፣ ጡረታው አብሮት የሞተ መስሏት። ባለጡረታ ሲሞት እኮ ሚስቱ የጡረታውን ግማሽ የማግኘት መብት አላት! ይሄን የሚነግራት አንድ ሰው ጠፋ። ሁላችንም ቀብሩ ላይ ነበርን፣ ሁላችንም አልቅሰናል፣ አንዳችንም "እህቴ ወረቀቱን ጨረስሽ ወይ?" አላልናትም። ይሄ ያሳፍራል፣ ከምር ያሳፍራል።

ልጄ አሜሪካ ነው የምትኖረው፣ አረጋውያን ትንከባከባለች። ከምትጦራቸው አንዱ ሽማግሌ ንብ የተሳለበት ኮፍያ ከራሳቸው አያወርዱም አለችኝ፣ ንቧ በአንድ እጇ መሳሪያ በሌላው መፍቻ ይዛለች። ሲቢ ይባላሉ፣ የባህር ኃይል ግንበኛ ወታደሮች ናቸው፣ በነሱ አቆጣጠር በ1942 የተቋቋሙ። በመጀመሪያ የተቀጠሩት አማካይ ዕድሜያቸው 37 ነበር ይባላል፣ አናጢውን፣ ኤሌክትሪሻኑን፣ መንገድ ሰሪውን ሁሉ ሙያውን ይዞ እንዲመጣ ነው ያደረጉት። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየከተማው ይሰባሰባሉ፣ የማህበራቸውን ቅርንጫፍ "ደሴት" ነው የሚሉት፣ ድሮ ደሴት ለደሴት እየዞሩ የአውሮፕላን ማረፊያ ይሰሩ ነበር። በዓላቸው መቼ እንደሆነ ስትነግረኝ ግን ዝም አልኩ። በነሱ ማርች 5 ነው፣ ያ ማለት በኛ የካቲት 26 ነው። ካራማራ! በ1970 ጅጅጋ የተመለሰችበት ቀን። በአንድ ቀን እነሱ ከነልጅ ልጆቻቸው ኬክ ይቆርሳሉ፣ እኛ ደሞ ትግላችን ሐውልት ስር ቆመን አበባ ካስቀመጥን በኋላ በየታክሲያችን እንበተናለን። ገንዘብ ስላላቸው ነው እንዳትሉኝ፣ ቡና ለማፍላት ስንት ገንዘብ ይፈልጋል?

ጎረቤቶች፣ እናንተም ስሙኝ። በየህንጻው በር፣ በየባንኩ ደጃፍ፣ በየቤተክርስቲያኑ አጥር ጥግ የተቀመጠው ሽማግሌ ስም አለው። "ጋሼ የት አገር ነው? ድሮ ምን ይሰሩ ነበር?" ማለት ምን ያስከፍላል? ያ ኦፕሬተር ልጅ የዛን ቀን "ከየት አወቁት?" ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ "መሐንዲስ ነበርኩ" ይለው ነበር፣ ልጁ ደሞ ለጎረቤቴ ያወራለት ነበር፣ ጎረቤቴም ለኔ፣ እኔም በነጋታው በሩ ላይ እገኝ ነበር። ሁለት ዓመት አብረን ቡና እንጠጣ ነበር ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ናት የጎደለችው።

በሰልስቱ ማግስት ሚስቱ ጠራችኝ። "ወንድሜ ይሄን እየው" ብላ ከኮቱ ደረት ኪስ ያገኘችውን ትንሽ ደብተር ሰጠችኝ። የተረኛ ጥበቃ ሰዓት የሚጽፍበት ነው። መጨረሻው ገፅ ላይ የቡድናችን ስም በእርሳስ ተደርድሯል፣ ሶስቱ ጋ መስቀል አለ። እኔ ጋ ሲደርስ "አዲስ አበባ ነው ይባላል" ይላል፣ ያቺም ተሰርዛ እንደገና ተጽፋለች። እየፈለገኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈለግኩትም።

ስለዚህ ይሄን አድርጉ እላለሁ፣ ከመሐንዲስ ክፍል የሆናችሁ፣ ሚስቶች፣ መበለቶች፣ ልጆች ሁላችሁ። ዛሬ ማታ አንድ ሰው ጋ ደውሉ፣ አንድ ብቻ። ቁጥሩ ከጠፋችሁ ልጁን ፈልጉ፣ ልጁ ከጠፋ የሰፈሩን እድር ዳኛ ጠይቁ፣ እድር የማያውቀው ሰው የለም። የታመመ ካለ ተነጋገሩ፣ የጡረታ ወረቀት ያልጨረሰች መበለት ካለች አብሯት የሚሄድ አንድ ወጣት መድቡ፣ እነዛ ቢሮዎች ሽማግሌ ብቻውን የሚወጣው ደረጃ አይደለም ያላቸው። መዋጮ፣ ሊቀመንበር፣ ማህተም ምናምን እያላችሁ አትጀምሩ፣ ስንቱ ማህበር በሊቀመንበር ምርጫ ላይ እንደፈረሰ አይተናል።

እኔ ጀምሬያለሁ። ከደብተሩ ላይ መስቀል የሌላቸውን አንድ በአንድ እየፈለግኩ ነው፣ አንዱን ሱሉልታ አገኘሁት፣ ዓይኑ ደክሟል ግን ድምፄን አወቀ፣ "አንሱ!" አለኝ በስልክ። የሚመጣው የካቲት 26 ጠዋት ትግላችን ሐውልት ጋ እንገናኝ፣ ከዛ ወደ አስኮ ቡራዩ ታክሲ ይዘን ሜትር ቤት እንሄዳለን፣ ሚስቱ ቡና አፈላለሁ ብላለች፣ ወንበር ስለሌላት ዱካ ያላችሁ ዱካ ይዛችሁ ኑ፣ ልጆቻችሁንም አምጡ።