ሰማያዊው ሰሌዳና ባለሦስት እግሩ በርጩማ

ለንደን ብሩክ ስትሪት ላይ ሁለት ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው ቆመዋል። በአንደኛው የክላሲክ ሙዚቃ ደራሲው ሃንድል፣ በሌላው ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ የሮክ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ኖረውበታል። በሁለቱም ግንብ ላይ ዝነኛ ሰው የኖረበት ቤት መሆኑን የሚናገር ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ የሄንድሪክስ የተለጠፈው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሰሌዳ ለማግኘት ሰውየው ከሞተ ቢያንስ 20 ዓመት ሊሞላው ይገባል። እንግሊዝ ዝናን እንደ ጠጅ አስቀምጦ ነው የሚያጣጥመው።

በሕይወት ላለው ግን ዞር ብሎም አያይ። አንድ ቀን በምድር ውስጥ ባቡር በቴሌቪዥን በየሳምንቱ የማየው ተዋናይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁሉም አውቀውታል፤ ሁሉም እንዳላወቁት ሆነው ስልካቸው ውስጥ ገቡ። እኔም ብዙ ዓመት ኖሬ ተምሬአለሁና አንገቴን ደፋሁ።

ባለፈው ክረምት ጅማ ገባሁ። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እዚህ ከተማ ነው። ይህን የነገረኝ፣ ማፈሬን አልደብቅም፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሙዚቃቸውን ሰምቶ የወደዳቸው እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። የባጃጅ ሹፌሩን፣

«ከጅማ የወጣ ስመ ጥር ሰው ማን ነው?» አልኩት።

«አባ ጅፋር!»

«ንጉሡ ወይስ የእግር ኳስ ቡድኑ?»

«ሁለቱም ያው ናቸው» አለና ቡድኑ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣበትን ዓመት እንደ ትናንት ያወራልኝ ጀመር። ሙላቱን ስጠይቀው ፍጥነቱን ቀነሰ። «የጅማ ልጅ ናቸው እንዴ? የት ሰፈር? የማን ልጅ?» መልሱን አላውቀውም ነበር። የተማሩበትን የቦስተን ትምህርት ቤት፣ ከአሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ጋር መገናኘታቸውን አውቃለሁ። እሱ ግን ሰውን የሚያውቀው በሰፈሩና በአባቱ ነው፤ የእኔ እውቀት ለእሱ እውቀት አልነበረም።

በማግስቱ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ አንዲት የጀበና ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ በዚያችው ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ፣ ጉልበቴ ደረቴ ላይ ደርሶ። አንድ የተከታታይ ድራማ ተዋናይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። እንደ ለንደኑ ማንም ስልኩ ውስጥ የሚገባ መስሎኝ ነበር። ቡና አፍይዋ፣ ሻሽ ያሰሩ፣ ስድሳ የተጠጉ እናት፣ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አወረዱና ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«አንተ! ያቺን ልጅ ከነእርጉዝነቷ ከቤት ያስወጣሃት ምን አድርጋህ ነው?»

ተዋናዩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በረንዳው በሙሉ ዞሮ አየው፤ ከጥግ አንድ ሽማግሌ «እውነታቸውን ነው» አሉ። ልጁ በርጩማው ላይ አነሰብኝ። እኔ በውስጤ ለንደናዊ ሆኜ ተሳቀቅሁለት፤ ሰው ቡናውን እንኳ በሰላም አይጠጣም እንዴ አልኩ። ግን ፊቱን ሳየው የተሳቀቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሱማ የአክስቱ ቁጣ እንደደረሰበት ልጅ ደስ ብሎታል።

«እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ደራሲው ነው እንዲህ ብለህ ተናገር ያለኝ።»

ሲኒውን ሞልተው ሰጡት፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ሲነሣ ገንዘብ ሊያወጣ ኪሱ ገባ፤ እጁን ያዙት። የእኔን ሒሳብ ግን ሳይቀንሱ ተቀበሉ። ተዋናዩ ደረጃውን እየወረደ ሳለ ከኋላው ጮኹ፦

«በሚቀጥለው ደራሲውን ይዘኸው ና!»