ሽጉጥ ትራስ ሥር አይቀመጥም

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ሽጉጥ ገዛ። ሱቁን ማታ ብቻውን ስለሚዘጋ ሥጋቱ ይገባኛል። የት እንደሚያስቀምጠው ስጠይቀው ግን «ትራሴ ሥር ነዋ! ልጆቹ መኖሩንም አያውቁም» አለኝ።

ያውቃሉ። የተደበቀ ከረሜላ ወንበር ደርቦ የሚያወርድ ልጅ ትራስ ማንሳት አያቅተውም።

ብዙዎቻችን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየን አድገናል። አባት «እንዳትነኩ» ካለ በቂ ይመስለን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ2020 ጀምሮ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል የጦር መሣሪያ ቀዳሚ ሆኗል፤ የመኪና አደጋን ሳይቀር በልጧል። ሜሪላንድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ወዲህ፣ ጥይት ያለበትን መሣሪያ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተውን በሕግ ከልክላለች።

መቆለፊያ ደግሞ አለው። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። የወዳጄ የኬብል ቁልፍ (በሽጉጡ ውስጥ አልፎ የሚቆለፍ ሽቦ) እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። ሌሊት ቶሎ ላገኘው ይገባል ካለ በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን አልጋው አጠገብ ያስር። ጥይቱን ለብቻው ቢቆልፍ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ከመቆለፉ በፊት ማራገፍ አለ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጣት ከቃታው ውጪ። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል (ጥይት የሚሞላበትን ማለቴ ነው፤ የብረት ሣጥኑንም ካዝና ስለምንለው እንዳይምታታ)። ከዚያ የላይኛው ክፍል ወደኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል፣ ውስጡ በዓይንም በጣትም ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሰዋል። ባዶ የመሰለው ሽጉጥ ሰው ይገድላል።

የማንናገረውም አለ። አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤታችን ውስጥ የከፋው፣ ዝም ያለ ወጣት ቢኖር ለማን እናወራለን? ያቺ ክፉ ሰዓት ብዙ ጊዜ ታልፋለች። ቁልፉ ያቺን ሰዓት ያሻግራል።

ልጆቻችንን ሰው ቤት ስንልክ ስለ ኦቾሎኒ አለርጂ እንጠይቃለን። ስለ ሽጉጥ መጠየቅ ግን ነውር ይመስለናል። ልጆቼ ቅዳሜ እዚያው ወዳጄ ቤት ሊያድሩ ነው። ከመላኬ በፊት ደውዬ «ቆለፍከው?» እለዋለሁ። ቢከፋውም ይክፋው።