ተራራው አንድ፣ ፈራሚው ብዙ

መንግሥት ሲቀየር የማዕድን ባለሀብት ይሸሻል ይባላል። እውነት አለው፤ ግን ጥፋቱ ሁሉ የአዲሱ መሪ አይደለም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው አሮጌው መሪ በር ዘግቶ ሲፈርም ነው።

የጊኒን ሲማንዱ እንይ፤ ብረት የሞላው ተራራ ነው። ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ የፍለጋ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። በ2008 የፕሬዚዳንት ላንሳና ኮንቴ መንግሥት የይዞታውን ሰሜናዊ ግማሽ ነጥቆ ቢኤስጂአር ለተባለ ኩባንያ ሰጠ። ኮንቴ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ወታደሩም ሥልጣን ያዘ። በ2010 ቢኤስጂአር 51 በመቶውን ድርሻ ለብራዚሉ የማዕድን ኩባንያ ቫሌ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ያኔ ከተራራው የወጣ አንድ ባቡር ብረት እንኳ የለም! ቀጥሎ አልፋ ኮንዴ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። አጣሪ ኮሚቴ ፈቃዱ በሙስና የተገኘ ነው አለ፤ ኩባንያው ቢክድም በ2014 ተሰረዘ። በ2021 ኮንዴም በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። በ2022 ወታደራዊው መንግሥት ሥራውን አስቁሞ እንደገና ተደራደረ። የመጀመሪያው ማዕድን መርከብ ላይ የተጫነው በ2025 መጨረሻ ነው።

በአንድ ሰው ቅርበት የተገኘ ፈቃድ፣ ሰውየው ሲሄድ ጠበቃ የለውም።

ባለሀብቱም ይህን አያጣውም። ግን ማዕድን ሱቅ አይደለም፤ ዕቃ ጠቅልለህ አትሄድም። ገንዘብህን መሬት ውስጥ እስክትቀብር ድረስ ጉልበቱ ያንተ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመንግሥት። ማሊ በ2023 አዲስ የማዕድን ሕግ ስታወጣ የካናዳው የወርቅ ኩባንያ ባሪክ «ነባር ስምምነቴ ይጠብቀኛል» ብሎ ተከራከረ። መንግሥት ወርቁ እንዳይወጣ ከለከለ፤ በ2025 መጀመሪያ የኩባንያው የሉሎ-ጎንኮቶ ማዕድን ሥራ አቆመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ተስማሙ። ከዚያ በፊት ግን ወርቅ በታሪኩ ውድ በሆነበት ሰሞን ያ ሁሉ ማሽን ወራት ቆሞ ከረመ። ማንም አልተጠቀመም።

በሌላ በኩል ቦትስዋና አለች። በ2024 ለ58 ዓመት የገዛው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ። ከአልማዝ ኩባንያው ዲ ቢርስ ጋር የነበረው የአልማዝ ድርድር ገና አላለቀም ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት ዱማ ቦኮ ሥልጣን በያዙ በወራት ውስጥ አዲሱ መንግሥት ፈረመ፣ የማዕድን ፈቃዱም እስከ 2054 ተራዘመ። ዴብስዋና፣ አልማዙን የሚያወጣው ኩባንያ፣ ግማሹ የመንግሥት ነው። ስለዚህ አዲሶቹ ሹማምንት ያገኙት የቀድሞው መሪ ወዳጅ የያዘውን ጉድጓድ ሳይሆን፣ አገራቸው ለአሥርት ዓመታት ግማሽ ባለቤት የሆነችበትን ሥራ ነው።