ነገሩ ሴት ልጅ ላይ ሲደርስ እንስማማለን

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ዛሬ ለምርቃት አልመጣሁም። ምርቃቱ በየቡናው አለላችሁ፤ የኔ ወቀሳ ነው፣ ቢመርም ዋጡት።

"ወሎ የፍቅር አገር ነው" እንላለን። እንበል። አባቱ መሐመድ፣ እሱ ተስፋዬ የሆነ ሰው በየሰፈሩ አለ። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በራሳቸው እጅ አሳርዶ፣ በተለየ ድስት አሠርቶ ነው የሚያበላው፤ ሙስሊሙም እንደዚያው። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ እድራችን ማለት ነው፣ ድንኳን ለመትከል ሃይማኖት አይጠይቅም። ይህን አልክድም፣ ያደግሁበት ነው። የሚያናድደኝ ይህንን መጋረጃ አድርገን ከኋላው የምንሠራው ሥራ ነው። በሃይማኖት የምንከራከር፣ በዘር የምንኮራረፍ፣ በፖለቲካ የምንዘላለፍ ሰዎች፣ ነገሩ ሴት ልጅ ላይ ሲደርስ እንዴት አንድ አፍ እንደምንሆን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ስልካችሁን ክፈቱና እዩ። አንዱ ጎረምሳ ኒቃብ የለበሰችውን ተማሪ "አሸባሪ" ይላታል። ሌላው ሱሪ ለብሳ ፒያሳ የወረደችውን "ወላጅ ያልቀጣት" ይላታል። ሃይማኖታቸው ለየቅል ነው፤ ስድባቸው ጎን ለጎን ሲነበብ ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ልጅቷ ምን ትማራለች፣ ምን ታስባለች ብሎ የጠየቀ የለም። አንተ ጎረምሳ፣ እሷ ላይ ማን ሾመህ? "እኅትህ ብትሆንስ" አልልህም፤ እኅትህም ብትሆን አልተሾምክባትም።

እናንተ አባቶች ደግሞ "ይሄ አክራሪነት የሚሉት ከውጭ የመጣ ነው፣ እኛ ዘንድ አልነበረም" ትላላችሁ። እንግዳ ሲመጣ አይጠየፍን ታስጎበኛላችሁ፤ ደግ ነው፣ ንጉሥ ሚካኤል ሰውን ሁሉ በአንድ አዳራሽ ያበሉበት ቤት ነውና። ቦሩ ሜዳን ግን አታነሡም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ጉባኤው አስቀድሞ ክርስቲያኑ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረበትን የራሱን ክርክር በአዋጅ ዘጋ፤ "ጸጋ" የሚሉትን ወገን አወገዘ። ቀጥሎ ወደ ሙስሊሙ ዞረና "ተጠመቅ" አለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ከዚያ በኋላ ነው። እምቢ ያለው ከነሼህ ጦልሃ ጋር ሆኖ ተዋጋ፣ ወይ ተሰደደ። እንግዲህ የአይጠየፍ ባለቤትም የቦሩ ሜዳ ተጠማቂም አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱን አብረን መንገር ካልቻልን ፍቅራችንን ለቱሪስት እየሸጥነው ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። "የሴት እኩልነት ፈረንጅ ያመጣብን ጣጣ ነው" የምትሉ አላችሁ። ወርቂትንና ማስትዋትን የት አደረጋችኋቸው? በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሎን ለልጆቻቸው ሞግዚት ሆነው የገዙ፣ እርስ በርሳቸውም የተፎካከሩ ሁለት ሙስሊም ሴቶች ናቸው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ሲሮጥ ያለፈው በወርቂት አገር ነው። ልጇ መቅደላ ላይ ታስሮ ነበር፣ ቴዎድሮስም በዚህ ተቆጥተው ገደሉባት። ይህን ሁሉ የተሸከመች ሴት የገዛችበት አገር ልጅ ነህ አንተ፣ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ብለህ የምትተርትብን! አንጋፋውን ትምህርት ቤታችንንም የሰየምነው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ በወይዘሮ ስኂን ነው። ስሟን በሩ ላይ ጽፈን የወጣችውን ተመራቂ "መቼ ነው የምታገቢው" እንላታለን።

አሁን ወደሚያመኝ ልግባ። የዓረብ አገር ልጆቻችን ጉዳይ ነው።

ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከዚሁም ከከተማው፣ ልጅቷን በደላላ እጅ እንሸኛታለን። አንዷ በቦሌ ትሄዳለች፣ ሌላዋ በአፋር በረሃ በእግሯ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ይገባል። ከሰው ቤት ወጥታ ፀሐይ ሳታይ ትከርማለች። በየወሩ ሃዋላው ይመጣል፤ ቤት ይጀመራል፣ ለወንድም ባጃጅ ይገዛል፣ አባት ሐጅ ይሄዳል ወይ እናት ጸበል ትመላለሳለች። ጥሩ። ቆይታ ስትመለስስ?

አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። ሳሎኑን ሴራሚክ ያስለበሰችው እሷ ናት፣ የብረት በሩንም። ስትመለስ ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈላት፣ መኝታ ክፍሉ የወንድሟና የሚስቱ ነው። አንድ ቀን ደፍራ አባቷን ጠየቀች፦ "አብዬ፣ ካርታው በማን ስም ነው?" አባትዬው ስኒያቸውን አስቀመጡና "ወንድምሽ አይደል እንዴ ልጄ? አንቺ ነገ ሰው ቤት ትገቢያለሽ" አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ለጎረቤት የሚደርሱ ሰው ናቸው። ያስቸገረኝም ይኸው ነው። "ሰው ቤት ትገቢያለሽ" ያሏት ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ሲመጣላት "ዓረብ አገር የኖረች ናት፣ ምን እንደነበረች ማን ያውቃል" ተብሎ ጋብቻው ቀረ። ገንዘቧን ስንበላ ምን እንደነበረች አውቀን ነበር እኮ!

ይህን የሙስሊም ቤት ወሬ ነው ብላችሁ የተጽናናችሁ ክርስቲያኖች፣ አትቸኩሉ። ወንድሞች ተሰብስበው እኅታቸውን ከአባት መሬት "አግብታ የለ?" ብለው የሚያስወጡበትን የክርስቲያን ቤት እዚህ ዘርዝሬ አልጨርሰውም። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶም አብሮ ይሰፍራል። ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ግን ማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው፤ አንቀጽ 34 ላይ ተጽፏል። ቃዲውም ሆነ ሽማግሌው ይህን ያውቃል። አምስት አጎት ከበዋት፣ እናቷ እያለቀሰች "ወንድሞችሽን አታዋርጂ" እያለቻት የፈረመች ልጅ ፈቅዳለች? እናቶችም እንግዲህ አትሳቁብን። ብዙ ጊዜ ልጅቷን ዝም የምታሰኛት እናት ናት፤ እሷንም በጊዜዋ ዝም ያሰኛት ሰው ነበር።

ኮምቦልቻዎች፣ እናንተን አልረሳኋችሁም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ብሏችሁ ነበር። ከየወረዳው የመጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ ክፍል ልትከራይ በር ስታንኳኳ የሚጠየቀው ይኼ ነው፦ የማን ዘር ነሽ? ሃይማኖትሽስ? ተፈናቃይ ነሽ እንዴ? ወንድ ይመጣል? ማታ 2 ሰዓት በር ይቆለፋል ትባላለች፤ ፈረቃዋ የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው። በር ላይ ቆማ ስታንኳኳ ያየ ጎረቤት ደግሞ በማግሥቱ "ማታ የምትገባዋ" ብሎ ስም ያወጣላታል። በአንድ ቀን ውስጥ በዘሯም፣ በእምነቷም፣ በሴትነቷም ተመዘነች። ኪራዩን ግን በየወሩ ጨምራችሁ ትቀበላላችሁ፤ ገንዘቡ ላይ ዘር አይቆጠርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለወላድ 120 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል፣ አለቃ ሠራተኛውን በወሲብ እንዳያስቸግርም ይከለክላል። የአከራይ ግቢ ውስጥ ግን አዋጅ አይገባም፤ እዚያ ሕጉ እናንተው ናችሁ።

መንግሥትን ለምን አልወቀስክም የሚለኝ ይኖራል። ወቅሼው አውቃለሁ፣ ይወቀሳልም። በየዓመቱ የካቲት 29 ስብሰባ ይጠራል፣ ወንዶቹ መድረክ ላይ ተደርድረው ስለ ሴቶች እኩልነት ይናገራሉ፤ ለአዳራሹ ቡናውን ማን እንደሚያፈላ ግን አልነግራችሁም። ዛሬ የያዝኩት ነገር ከሰው ቤት ደጃፍ ውስጥ ያለው ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሹም አይጠግንልንም።

መምህራን፣ ኡስታዞች፣ ቄሶች፣ እናንተም ሚምበርና ዐውደ ምሕረት ላይ ስለ ሴት ልብስ የምታጠፉትን ሰዓት እኩሌታ ስለ ሴት ገንዘብ አውሉት። የሰው ላብ መብላት ሐራም እንደሆነ፣ ኃጢአትም እንደሆነ ልታስረዱን አይቸግራችሁም። የሴት ልጅ ግርዛትን ቁርኣንም መጽሐፍ ቅዱስም አላዘዘም፤ ይህንንም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ገጠር ያለው ዘመዳችን የሚሰማው ከእናንተ ነው።

የቅሬ ዳኞች፣ የናንተ ሥራ ቀላል ነው። በሚመጣው ስብሰባ መዝገቡን ክፈቱ። ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ያላገባች፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ በኪራይ ቤት ያለች ሴት በራሷ ስም አባል ትሁን፤ ቆማም ትናገር፣ ለዳኝነትም ትመረጥ። ጸሐፊው ስሟን ይጻፍ። መዋጮውን እንደሆነ ድሮም ቢሆን የምትከፍለው እሷ ናት።