ኩሬ ለሚያለሙ ጀግኖች

አንዳንድ ሰው ባዶ ቦታ የማየት ጸጋ ተሰጥቶታል። እኛ ተራዎቹ ኩሬ ስናይ ውሃና ሸንበቆ ይታየናል። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ይታዩናል። እሱ ግን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያይና «ይህ ቦታ እኮ ዝም ብሎ ተቀምጧል» ይላል። ይህን ዓይን ማድነቅ እንጂ ምን ይባላል?

እውነትም ኩሬ ሥራ ፈት ይመስላል። ዝናብ ሲጥል ከየመንገዱ የሚወርደውን ጎርፍ ይቀበላል። ደለሉን ያስቀራል። ብዙውን ጊዜም ውሃውን ቀስ እያለ ወደ መሬት ያሰርጋል፤ በአቅራቢያው ያለው የጉድጓድ ውሃ ቶሎ የማይነጥፈው በዚሁ ነው። ግን ይህን ሁሉ ሲሠራ ድምፁ አይሰማም። ሪፖርት አያቀርብም። ታፔላ እንኳ የለውም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ቢባረር ማን ልብ ይለዋል?

ስለዚህ ኩሬውን ሊደፍን ገልባጭ መኪና አፈር ጭኖ ይመጣል። የሰፈሩ ሰውም ከጀግናው አያንስም፤ ፍራሹን፣ ፌስታሉን፣ የፈረሰ ግድግዳውን እየጣለ ሥራውን አስቀድሞ ጀምሮለታል። «ድሮም ይገማል» ለማለት መጀመሪያ ማግማት ያስፈልጋላ።

በዚህ ጥበብ የህንዷ ባንጋሎር ትመስገን። በኩሬዎቿና በሐይቆቿ የምትታወቅ ከተማ ነበረች። ትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያዋ ዛሬ የቆመው ዳርማምቡዲ በሚባለው ሐይቅ ወለል ላይ ነው። የካንቲራቫ ስታዲየም ቦታም የሳምፓንጊ ሐይቅ ነበር። በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ ሲጥል የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኞች በትራክተር ተጭነው ሥራ ገቡ። ውሃው ቤቱ እንደተሸጠ የነገረው አልነበረም።

ሁለተኛው ዓይነት ጀግና ረቀቅ ይላል። እሱ አይደፍንም፤ ያስውባል። ሸንበቆውን ይነቅላል፣ ዙሪያውን ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግድግዳ ይገነባል፣ መሀል ላይ ውሃ የሚረጭ ነገር ይተክላል፣ አምፖል ያበራል። ችግሩ፣ የኩሬ ፍጥረት በብዛት የሚኖረው መሀሉ ላይ ሳይሆን ውሃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ዳር ላይ ነው። አሁን ዳር የለም። እንቁራሪቷ ልትወጣ ትዘላለች። ሆዷ ሲሚንቶው ላይ ልጥፍ ይልና ተንሸራታ ትወድቃለች። እንደገና ትዘላለች። ጎብኚ በስልኩ ይቀርጻታል። ላሟም አንገቷን ትሰዳለች፤ ውሃው አይደረስበትም። ሸንበቆ አጭዶ ምንጣፍ እየሠራ ይተዳደር የነበረው ሰው ግን አልተረሳም፤ ቲኬት ከቆረጠ መግባት ይችላል።

በበጋ የሚደርቅ ኩሬማ ለጀግናችን ነውር ነው። አስቆፍሮ ያጠልቀዋል። መድረቁ ግን ለእንቁራሪቶች ሲሳይ ነበር፤ ዓሣ ስለማይኖርበት እንቁላላቸውን የሚለቅም የለም። ሲጠልቅ ዓሣ ይገባል፣ እንቁላሉም ይበላል። ቢምቢን ለማጥፋት ተብሎ ከሰሜን አሜሪካ በብዙ አገሮች የተሠራጨችው ጋምቡዥያ የምትባል ትንሽ ዓሣም ሥራዋን በትጋት ፈጽማለች። የእንቁራሪት እንቁላልና ልጆች፣ ቢምቢን የሚያድኑ የውሃ ነፍሳት፣ ያገኘችውን ሁሉ በላች። ቢምቢው ብዙ ቦታ ዛሬም አለ።

አዲስ የተተከለው ሣር ማዳበሪያ ይረጭለታል፤ የተረፈው ወደ ኩሬው ይወርዳል፣ ውሃውም አረንጓዴ ይለብሳል። ፎቶ ላይ ያምራል። ሌሊት ግን ያ አረንጓዴ ነገር ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ጎህ ሲቀድ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ለአጥማጁ እንዴት ያለ እፎይታ ነው! መረብ መጣል ቀረለት። ከነገ ወዲያ ዓሣ ይኑር አይኑር ሌላ ጥያቄ ነው።

የሌላዋ የህንድ ከተማ የኮልካታ ሰዎች ግን ገና አልነቁም። ከከተማቸው በስተምሥራቅ ባለው ረግረጋማ መሬት የከተማው ፍሳሽ ወደ ኩሬዎች ይገባል። ፀሐይና ጥቃቅን ዕፅዋት ያጠሩታል፣ ዓሣ ይረባበታል፣ አጥማጁ ለከተማው ይሸጣል። 12,500 ሄክታር ያህል መሬት! ፋብሪካ የለው፣ ሪባን የሚቆረጥበት በር የለው። ይህን ኋላ ቀርነት በ2002 እ.ኤ.አ. ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ በተደረገው የራምሳር ስምምነት መዝገብ ላይ አሰፈሩላቸው።

ራምሳር የኢራን ከተማ ናት። በ1971 እ.ኤ.አ. እዚያ የተፈረመው ስምምነት ረግረግን ሁሉ፣ ኩሬንም ጭምር ይመለከታል። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 የዓለም የረግረግ ቀን ይከበራል። ጀግኖቻችን አይቀሩም፤ ልብ የሚነካ ንግግር ያደርጋሉ። አዳራሹ ምን ላይ እንደተሠራ መጠየቅ ግን ነገር ፍለጋ ነው።

ከዓመታት በኋላ ጉድጓዱ ይነጥፋል፣ ምድር ቤቱ ውሃ ይሞላል። ኮሚቴ ይቋቋማል። ጥናት ይጠናል። ምክረ ሐሳቡም ይመጣል፦ ጎርፍ የሚቀበል ሰው ሠራሽ ኩሬ ይቆፈር፤ ቦታው ዝቅ ያለ ይሁን። ጨረታውን የሚያሸንፈው ያው ባለ ገልባጩ ነው። ልምድ አለው፤ የሚወጣው አፈር የት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።